የማለዳው ወንበር

ልጅ ሆኜ አባቴ ሰው ሊገድል ነው ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን እህል ውሃ አላሰኘኝም። ይገድላታል ያልኳት ሴት ደግሞ ተራ ሴት አልነበረችም፤ ጠዋት ጠዋት ከተማው ሁሉ በሬዲዮ የሚሰማት ሴት ነች።

መጀመሪያ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። የማለዳው ፕሮግራም አቅራቢ ነበር። ዜና ያነባል፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ይናገራል፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ የት እንደደረሰ ያሳውቃል፣ ከዚያ አንዱን ባለሥልጣን ፊቱ አስቀምጦ በጥያቄ ያፋጥጠዋል። መሃል መሃል ላይ ቀልድ ጣል ያደርጋል። በዚያ ሰዓት በሰፈራችን መንገድ የሚያልፍ ሰው አንድ ቃል አያመልጠውም፤ አንዱ ቤት መስኮት ላይ የጀመረለትን ዓረፍተ ነገር የሚቀጥለው ቤት መስኮት ላይ ይጨርስለታል። እኔም ቁርሴን የምበላው እሱን እየሰማሁ ነው። ዳቦዬን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ፣ «እንደምን አደራችሁ» ሲል አፌ እንደሞላ «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ።

ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ኮቱን ይሰቅላል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ጋዜጣው ውስጥ ይገባል፤ አለቀ። ጎረቤት መጥቶ የአገር ጉዳይ ሊያወራው ሲሞክር መልሱ «እ» እና «አይ» ብቻ ነው። እናቴ «ወሬውን እዚያው ጨርሶት ነው የሚመጣው፤ ለኛ የሚተርፈን ሳሉ ነው» ትል ነበር። እሱም ፈገግ ብሎ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዳቦዬን እንደያዝኩ፣ ሬዲዮው «እንደምን አደራችሁ» አለ፤ በሴት ድምፅ። ተነስቼ ጣቢያ መፈለጊያውን አሽከረከርኩት። እናቴ እጄን ቸብ አደረገችው።

«ተይው፣ ጣቢያው ራሱ ነው።»

«አባዬስ?»

«ጉንፋን ይዞታል።»

«ታዲያ ለምን ሥራ ሄደ?»

«ዳቦሽን ብዪ አንቺ ልጅ።»

እውነትም ሄዷል። በየቀኑ እንደ ድሮው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ይላጫል፣ ክራቫቱን አስሮ ይወጣል፤ ሬዲዮው ላይ ግን የለም። ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው? ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። «እ» እና «አይ» እንኳ ቀሩ። ሲጠሩት ራሱን ይነቀንቃል፣ ውሃ ሲፈልግ በጣቱ ያሳያል። ኩርፊያ መሰለኝ። ኩርፊያ ከእናቴ አውቃለሁ፤ የእናቴ ግን ከምሳ እስከ እራት አይዘልቅም። የእሱ ቀን ከቀን ባሰበት።

ነገሩን የገለጠልኝ ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካያችን ነው። የሰፈሩ ወሬ የሚከረከመው እዚያ ነበር። እኔን ከፍ ለማድረግ ወንበሩ ክንዶች ላይ ጣውላ አጋድሞ ያስቀምጠኝና መቀሱን ከሬዲዮው እኩል ያንጫጫዋል።

«ሰማችሁልኝ ይቺን?» አለ አንድ ቀን፣ መቀሱን ወደ ሬዲዮው ቀስሮ። «የሰው ወንበር ቀምታ ደግሞ አፏን ሞልታ ታወራለች!»

«ከላይ ሰው ቢኖራት ነዋ» አለ ወረፋ የሚጠብቅ ሹፌር።

«ያን የመሰለ ሰውዬ! እንደ ውሻ ነው ያባረሩት።»

«አሁን በር ላይ ቆሞ ይለምናቸዋል አሉ። በጠዋቱ ሲገባ ያየው አለ።»

ይሄኔ መስታወቱ ውስጥ እኔን አዩኝና ጸጥ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የአባቴን መባረር ከተማው ሁሉ ሲያወራው እኛ ቤት ገና አልተሰማም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ራሴን ዳሰስ አድርጎ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ይሄም ያልፋል» አለኝ። ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ «ተኪዋ» አላት። ሰፈሩ ተቀበለው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሬዲዮው «እንደምን አደራችሁ» ሲለኝ ምላሴን አወጣበት ነበር።

እንግዲህ አስቡት፤ ያቺው ተኪዋ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች! ረጅም፣ ቀጭን፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ የያዘች ሴት። መልኳን አላውቀውም፤ «ደህና ዋላችሁ» ስትል ግን በድምጿ ለየኋትና ክው አልኩ። እናቴ ደግሞ በሩን በርግዳ «ግቢ እህቴ፣ ግቢ» ትላታለች። እናቴ አበደች እንዴ አልኩ በሆዴ።

አባቴ ይዟት ሳሎን ገብቶ በሩን ዘጋው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ታነባለች፤ እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ቀጭ! ታቆማለች። ያንኑ ደግማ ታነባለች፤ ቀጭ!

«ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?»

መልስ የለም። ቀጭ!

በማግስቱም መጣች፤ ከዚያም በየቀኑ። በየቀኑ ያው ቀጭ ቀጭ ነው። ሌባ ተይዛ የምትመረመር መሰለኝ፤ መርማሪው ደግሞ አባቴ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። አባቴ ጉሮሮው ውስጥ እባጭ ወጥቶበት ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው እስኪደረግ አንድ ቃል እንዳይወጣህ፣ ማንሾካሾክም ክልክል ነው ብሎታል። ከዚያ በኋላም ድምፁ ይመለስ አይመለስ እርግጠኛ የሆነ አልነበረም። አባቴ ደግሞ ኩሩ ነው፤ አፉን ከመዝጋቱ በፊት «ሰው ከንፈር እየመጠጠልኝ አልኖርም» ብሎ እናቴንም፣ የጣቢያውን ሰዎችም፣ እሷንም አስማላቸው። በወንበሩ እንድትቀመጥ የመረጣት ራሱ ነው። ያ የእርሳስ ድምፅ «እዚህ ጋ ተንፍሺ» ማለቱ ነበር። መናገር የማይችል ሰው መናገር የሚያስተምርበት መንገድ ያ ብቻ ነበረው፤ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

አንድ ቀን እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ስጫወት ተኪዋ ከሳሎን ወጥታ ገባች። ቧንቧውን ስትከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ፤ በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰነባብቷል። እናቴ ከባልዲ ቀድታ ሰጠቻት። ፊቷን ታጠበች፤ ታጥባ ስታበቃ አለቀሰች።

«ዛሬ ደግሞ ምን አሉሽ?» አለች እናቴ።

«የሚደውለው ሁሉ የሚሰድበኝ ነው። ሌባ ይሉኛል፤ ‹እሱን መልሺልን› ይሉኛል።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አንዲት ቃል ብናገር እኮ ያልቅ ነበር፣ እህቴ። አንዲት ቃል! ግን ምያለሁ።»

«አውቃለሁ። ትንሽ ታገሺልን።»

«ሥራ አስኪያጁ እስከ ወሩ መጨረሻ ብሎኛል። ሰው ካልተቀበለኝ ፕሮግራሙን ዘግቶ ዘፈን ያስገባበታል። ጋሼ ያን ሁሉ ዘመን የለፉበት በኔ እጅ ሊጠፋ ነው። ለኔ አይደለም፣ እግዜር ያውቃል፤ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።»

እናቴ አቅፋት ቆመች። ጠረጴዛው ሥር ያለሁት እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ምላለች፣ ምስጢር አላት፣ ሌባ ይሏታል። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አሁን ደግሞ ስለ ትምህርት ቤታችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከእኛ በዕድሜ ከፍ የምትል ጉልበተኛ ልጅ ነበረች። መምህራችን ወደ ሰሌዳው ሲዞር አንዷን ትመርጥና ጣቷን አንገቷ ላይ ከጫፍ ጫፍ ታንሸራትትላታለች። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ደወል ሲደወል አለቀልሽ። አንድ ቀን ለኔ አደረገችልኝ። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ፣ ክንዴ ተቧጥጦ ነው። ስለዚህ ያ ምልክት ቀልድ እንዳልሆነ በገዛ ገላዬ አውቅ ነበር።

እናቴ የታመመች እህቷ ዘንድ ሄዳ ያደረች ዕለት፣ አባቴ የሚጠብቀኝ ሰው ስላጣ ይዞኝ ሥራ ሄደ። መንገዱ ገና ግራጫ ነበር። በር ላይ ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ ባርኔጣውን አነሳለት። የተባረረ ሰው እንዲህ ይከበራል? ግራ ገባኝ፣ ግን አባቴ ስለሆነ ይገባዋል ብዬ አለፍኩት።

ውስጡ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ምንጣፍ ለብሷል፤ ስናገር ድምፄ ከከንፈሬ አያልፍም። የሞቀ ሽቦና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ይሸታል። መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል ትልቅ መስታወት ለሁለት ከፍሎታል። በእኛ በኩል ቴክኒሻኑ ብልጭ ድርግም የሚሉ ቁልፎች ፊት ተቀምጧል። በወዲያ በኩል ተኪዋ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ወረቀቶቿን ደርድራ፣ በአባቴ ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። ቴክኒሻኑ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና «ያ ቀይ መብራት ከበራ ትንፍሽ የለም፤ እሺ የኔ ልጅ?» አለኝ። በራ።

ጀመረች። ወንዝ ሞልቶ ድልድይ መውሰዱን፣ የዳቦ ክብደት መቀነሱን፣ የጭነት መኪና ተገልብጦ ዋናው መንገድ መዘጋቱን ተናገረች። አባቴ መስታወቱ ጋ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። መዳፉን ወደ ታች ይጫናል፤ ሁለት እጁን ሊጥ እንደሚስብ ሰው ይለጥጣል፤ ጣቱን አየር ላይ ያሽከረክራል። እሷ ከወረቀቷ ቀና ባለች ቁጥር ታየዋለች። ዝግ በይ፣ አርዝሚው፣ ቶሎ ጨርሺ ማለቱ እንደሆነ የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ቁጣ ነው። ቤት ውስጥ እጁን ከጋዜጣው የማያነሳው አባቴ እንዲህ ሲወራጭ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

ከዚያ የዕለቱ እንግዳ ገባ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። ወፍራም፣ ሽበታም፣ መነጽሩን ደጋግሞ የሚወለውል ሰው ነው። ተኪዋ በትህትና ጠየቀችው፤ ውሃ የጠፋባቸው ሰፈሮች መቼ ያገኛሉ?

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «በአሁኑ ሰዓት ችግሩን ከመሠረቱ ለመቅረፍ የሚያስችል ሰፊ ጥናት እየተካሄደ ሲሆን፣ ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ መልኩ፣ የአጭር፣ የመካከለኛና የረጅም ጊዜ ዕቅድ ተነድፎ፣ ይህም ዕቅድ…»

ሄደ። ማቆሚያ የለውም። ተኪዋ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አባቴ ጣቱን አሽከረከረ። ኃላፊው ወደ መካከለኛው ጊዜ ተሻገረ። አባቴ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገትሯል፤ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ፣ ጣቱን አንገቱ ላይ ከጫፍ ጫፍ አንሸራተተ።

ደሜ ቀጥ አለ። ደገመው፤ አሁን ደግሞ ጥርሱን ነክሶ።

ተኪዋ ዛሬ ጡረታ ወጥታለች፤ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ይሄን እያነሳች እስክታለቅስ ትስቃለች። «እኔን መሰለሽ፣ ሞኝ! ‹ሰውየውን ቁረጪው› ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ እንዴት አድርጌ? በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው! ያሳደገችኝ አያቴ ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ ከገባሁ በቁንጥጫ ነው የምታነሳኝ። አባትሽ እዚያ ይንጨረጨራል፣ እኔ እዚህ ላብ አጠመቀኝ» ትለኛለች።

እኔ ግን ይሄን ከየት ላውቅ? ብጠላትም ትታረድ አላልኩም። ፊቷን ከባልዲ ስትታጠብ ትዝ አለችኝ። ልክ ያኔ የጣቢያው ተላላኪ ለእንግዳው ውሃ ይዞ ወደ ወዲያኛው ክፍል የሚያስገባውን በር በቀስታ ከፈተ። በክንዱ ሥር ሾልኬ ገባሁና ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ፤

«ሩጪ! አባቴ ሊያርድሽ ነው!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ደግሞ ከአፋፍም አልፎ ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። ተላላኪው ብርጭቆውን ይዞ ደረቀ። ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሻኑ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ አባቴ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ኃላፊው ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አለ።

ተኪዋ እኔን አየችኝ፣ መስታወቱን አየች። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝና ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለች፤

«አድማጮቻችን፣ ሳንጠራት የመጣች እንግዳ አለችን። ክፉ ሕልም አይታ ነው መሰለኝ፤ ማንም የሚያርደኝ የለም፣ አይዟችሁ።» ቀስ ብላ ተነፈሰች። «ክቡር ኃላፊ፣ ይቺ ልጅ ልትነግረኝ የፈለገችውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። እርስዎም እንደሷ በአንድ ትንፋሽ ይንገሩኝ። ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?»

«እ… እንግዲህ ጥናቱ…»

«መቼ?»

«በዕቅዱ መሠረት…»

«መቼ ነው ጌታዬ?»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «እውነቱን ለመናገር… አላውቅም።»

«አመሰግናለሁ። አድማጮቻችን፣ እንደሰማችሁት አያውቁም።»

ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ጀርባ ዘሎ ተነሳ። እኔ ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም፤ ጀርባዬ ላይ ልቧ ድው ድው ሲል ብቻ ይሰማኛል። አሁን ይገባኛል፤ ያቺ ሴት ወንበሩን ያገኘችው በዚያች ደቂቃ ነው።

ችግሩ ግን ስልኩ ነበር። መስመር ሲከፈት መጀመሪያ የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፀጉር አስተካካያችን!

«አንቺ! ያቺ ልጅ የማን እንደሆነች በድምጿ አውቄያታለሁ» አለ፤ መቀሱ እጁ ላይ እንደሆነ ይሰማል። «ፀጉሯን የማስተካክላት እኔ ነኝ። የሚያርድሽ ቢላ ሳይሆን የሰውየው እንባ ነው! ሕፃን ልጅ እንኳ የአባቷ መቃጠል ገብቷት ይኸው በሬዲዮ ጮኸች። ወንበሩን መልሺለት! በምን ዓይንሽ ልጁን አየሻት?»

ተኪዋ ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችኝ። አንዲት ቃል ብትናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። መስታወቱን አየች። አባቴም አያት።

«ስለደወሉልን እናመሰግናለን» አለች። «ቀጣዩን ደዋይ እንስማ።»

ያኔ በሩ ተከፈተ። ቴክኒሻኑ ከኋላ «ጋሼ፣ ኧረ ሐኪሙ!» እያለ ኮቱን ይጎትታል፤ አባቴ ግን አልሰማውም። መጥቶ በትከሻዋ ላይ አጎነበሰና አፉን ማይክራፎኑ ላይ አደረገ። የወጣው ድምፅ የአባቴ ድምፅ አልነበረም። ያረረ ድስት ሲፋቅ የሚወጣው ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። ቆመ፤ ዋጠ። «ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ። ወንበሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እንዳትናገር ያስማልኳትም እኔ ነኝ። ስድባችሁን ሁሉ ስለኔ ስትል ዋጠችው።» ሳል ያዘው፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ አሳለፈው። «ከእኔ ትሻላለች። አድምጧት።»

ፈርቼ ፊቴን ተኪዋ ደረት ውስጥ ቀበርኩ። የማላውቀው ሰው የአባቴን ኮት ለብሶ የሚያወራ መሰለኝ፤ አለቀስኩ። እሷም እንባዋ አናቴ ላይ ይንጠባጠባል። ድምጿ ግን አልተሰበረም። «ጋሼ፣ እናመሰግናለን» አለች፤ ወረቀቷን ገለጠች፤ «አሁን የአየር ሁኔታ። ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ይውላል፤ ወደ ማታ ንፋስ ይጠበቃል» ብላ ቀጠለች። የአየር ሁኔታ ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ሆዴ ይባባል። ሱቄ ውስጥ የመኪና ፍሬን ሸራ እየሸጥኩ ዓይኔን ስጠርግ ያየ ደንበኛ ዋጋው አሳዝኖኝ ይመስለዋል።

የዚያን ቀን ስልኩ ሲጮህ ዋለ አሉ፤ አሁን ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ቤታችን መጥቶ ሳሎን መሃል ቆሞ አንገቱን ደፋ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሻይ አስቀዳለት። እኔ ግን አሁንም ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነበር፤ አባቴ ተሸነፈ፣ እሷ አሸነፈች፣ ወንበሩን በሬዲዮ አስረከባት። እንኳንም አልገደላት አልኩና ተጽናናሁ።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው በወሩ መጨረሻ ነው። እባጩ ወጣ፣ አባቴ ዳነ፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። እነዚያ ማይክራፎኑ ላይ የተናገራቸው ቃላት ከአፉ የሰማኋቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ልንጠይቀው ከእናቴ ጋር በጠዋት ሄድን። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ተደግፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ እግሩ በጀሶ የታሰረ ግንበኛ ተኝቷል፤ ትንሽዬ ሬዲዮ ትራሱ ላይ አስደግፏል። ዘፈን አልነበረም። ተኪዋ ነበረች፤ አንዱን ባለሥልጣን ይዛዋለች።

«ይቅርታ ላቋርጥዎ፤ የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም» ትላለች። ሰውየው በሌላ በኩል ይሞክራል። «እሱንም አይደለም ጌታዬ።»

ግንበኛው አልጋውን በጥፊ መታው። «ይቺ ሴትዮ ጉድ እኮ ናት! ሰማህ ወንድሜ? መውጫ አሳጣችው!»

አባቴ በቀስታ ፈገግ አለ።

«ያኛው ሰውዬም ደህና ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና» አለ ግንበኛው። እናቴ የያዘችው ብርቱካን ከእጇ ወደቀ። «ታምሞ ለሷ መልቀቁ ትልቅነት ነው። ግን እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ትበልጠዋለች። አንተ ምን ትላለህ?»

ቆሽቴ አረረ። «እሱ እኮ…» ብዬ ስጀምር አባቴ እጄን ያዘኝ፤ ጠበቅ አድርጎ። ከዚያ ግንበኛውን እያየ፣ አዎ፣ ትበልጠዋለች ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እኔ አባቴ ተዋረደ ብዬ አብሬው አለቀስኩ። ደስታ መሆኑን ማን ይንገረኝ? በሕይወቴ ሙሉ አባቴን እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ እንደዚያ ጠዋትም ኮርቼበት አላውቅም፤ ኩራቱ የመጣልኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ግንበኛው ወሬ ወዳድ ነበር። «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

አባቴ አሰብ አደረገና በጣቱ ሬዲዮዋን አሳየው።

«አሃ! ሬዲዮ ጠጋኝ!»

እናቴ ልታርመው አፏን ከፈተች። አባቴ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድምፅ በሌለው ሳቅ እየሳቀ፣ አዎ አለው።

«በል እግዜር ነው ያገናኘን» አለ ግንበኛው፣ ሬዲዮዋን አንስቶ እያቀበለው። «ይቺን የኔን እያትማ፤ በጣም ቀስ ብላ ነው የምታወራው።»

አባቴ በሁለት እጁ ተቀበላት። እንደ ባለሙያ ገለባበጣት፣ ጀርባዋን አንኳኳት፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ጥቂት አዳመጣት። ከዚያ ቁልፏን ያዘና፣ በዚያ ረጅም ክፍል ውስጥ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ያሉት በሽተኞች ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሴትየዋን እስኪሰሟት ድረስ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው።